ስለ ጥሩወርቅ ፍሪጅ ተመስገን

ቁልቢ ገብርኤል የእኛን ፍሪጅ ተሳስቶ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ያወረደ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ነገሩን በዓይኔ ነው ያየሁት። እናቴ ሰርካዲስ ሐምሌ ላይ ቁልቢ ወጥታ ስትሳል ቀሚሷን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር። «ገብርኤል፣ የድሬን ሙቀት አንተ ታውቀዋለህ፤ ፍሪጅ ስጠኝ። ትንሽም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ነጭ ቢሆን ግን ደስ ይለኛል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዎች በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቁመታም ነገር በእጅ ጋሪ እየገፉ መጥተው በራችን ላይ ሲቆሙ ብዙም አልደነቀኝም። ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ጥጉ ታየኝ። ነጭ ነው።

እናቴ ወጣች። «የክፍሌ ቤት ይሄ ነው?» አላት አንደኛው ላቡን እየጠረገ።

ጋሼ ክፍሌ የእትዬ ጥሩወርቅ ባል ነው፤ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ሲመላለስ የሚኖር የባቡር ነጂ። የምንኖረው ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ምድር ባቡር ለሠራተኞቹ ባሠራቸው ተያያዥ ቤቶች ውስጥ ስለነበር ከእነሱ የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። እናቴ «አይደለም፣ ቀጥሎ ያለው በር ነው» ማለት ይበቃት ነበር። እሷ ግን ዝም ብላ ነጩን ጥግ ታያለች። ሰዎቹም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው ገመዱን መፍታት ጀመሩ። እትዬ ጥሩወርቅ ከደጇ ብቅ ብላ «ወዲህ ነው፣ ወዲህ» ባትላቸው ኖሮ ፍሪጁ እኛ ቤት ገብቶ ነበር።

ይህን ያየ ልጅ ምን ይላል? መልአኩ መንገዱን ሁሉ በትክክል መጥቶ መጨረሻ ላይ በር ተሳሳተ ነው የሚለው። ለእናቴም ይህንኑ ነገርኳት። አላረመችኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው የተጨመረ ያህል ሆነ። ፍሪጁን ከግድግዳው አስጠግተው ስላስቀመጡት ድምፁ እኛ ጋ ይሰማል። ሲነሳ እናቴ «ጀመራት» ትላለች። ሲያርፍ «ደከማት» ትላለች። አባቴ ሀብተ ማርያም ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ «ማንን?» ሲላት በጣቷ ግድግዳውን ታሳየዋለች።

እትዬ ጥሩወርቅ ኩራተኛ ለመሆኗ ማስረጃችን ብዙ ነበር። ደርግ ስኳርን በቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚያድልበት በዚያ ዘመን፣ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ የሚያገኘውን ድርሻ እሷ ተቀብላ እቤታችን ድረስ ታመጣልናለች። «እኛ ቤት ብዙም አይፈለግም» ትላለች። እናቴ ስኳሩን ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች፣ በሩን ትዘጋለች። ከዚያ ሻይዋን በዚያው ስኳር እያማሰለች «ስኳር የማይፈለግበት ቤት» ትላለች። «ልትመጸውተን ነው እኮ።»

ልጇ ትርንጎ እኩያዬ ናት። አንድ ቀን ሙሸበክ ገዝቼ ግማሹን ብሰጣት እጇን ወደ ኋላ ደብቃ «አልበላም» አለችኝ። ዘይትና ስኳር የጠጣ፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ፣ ትኩስ ሙሸበክ እንቢ የሚል ልጅ ድሬ ውስጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ፍሪጅ ያለው ሰው ሳይበላም እንደሚጠግብ ያን ቀን ገባኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን የፍሪጁ ሐኪም ነው። በየማለዳው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከመጋላ በኩል፣ አንድ ቀጭን ሰው በብስክሌት ይመጣል። ትንሽ የብረት ሣጥን ይዟል። እነ ትርንጎ ቤት ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ይወጣል። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ሳጮልቅ ፍሪጁን ከፍቶ፣ አጎንብሶ፣ ውስጡን ሲመለከት አየሁት። ሮጬ ለእናቴ «ፍሪጃቸው ሐኪም አለው፤ በየቀኑ እየመጣ ያየዋል» አልኳት።

እናቴ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እኔ ባለፈው ወባ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ ማን አየኝ?» አለች ለሽንኩርቱ።

አባቴ በምድር ባቡር የአናጢዎች ክፍል ይሠራል። ምሬቷ ሲበዛበት አለቃውን አስፈቅዶ የተጣሉ ሳንቃዎች አመጣና አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢ ውስጥ መጋዝ ጀመረ። ግድግዳው ድርብ የሆነ ሣጥን ሠራ። በድርቡ መካከል ሰጋቱራ ሞላበት፤ ውስጡን በቆርቆሮ አለበሰው፤ ከላይ የበረዶ ማስቀመጫ፣ ከታች የቀለጠው ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ አደረገለት። «ኤሌክትሪክ ሳይመጣ በፊት ሰው በዚህ ነበር የሚጠቀመው» አለን። ንጹህ ሥራ ነበር። በዚያው ቢቆም ኖሮ የምነግራችሁ ታሪክም አይኖርም።

እናቴ «ነጭ ቀባው» አለች። ከባቡር ፉርጎ ቀለም በተረፈ ቀባው። «እጀታው የእንጨት ነው» አለች። ከአሮጌ ፉርጎ በር ላይ የብረት እጀታ ነቅሎ ገጠመለት። «የጥሩወርቅ ላይ እኮ የፈረንጅ ጽሑፍ አለበት» አለች። እሱንም ከፉርጎ ላይ አገኘ፤ ፈረንሳይኛ የተጻፈበት ሞላላ ብረት። ሰፈሩ ሁሉ የፍሪጁ ማርክ ነው ብሎ ተቀበለው። እኔ ፈረንሳይኛ የተማርኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ጽሑፉ «በመስኮት አንገት ማውጣት ክልክል ነው» ይላል።

«አሁንስ?» አለ አባቴ።

«ገመድ» አለች እናቴ።

«ምን ያደርግለታል?»

«ፍሪጅ ገመድ አለው፣ ሀብቴ።»

አባቴ መዶሻውን አነሳ። ከዚያ ጥቁር ገመድ ፈልጎ ከጀርባው ቸነከረለት። ሌላኛው ጫፍ በመጋረጃው ሥር አልፎ የአልጋው እግር ላይ ታሰረ።

በረዶ የምታመጣልን ሃዎ የምትባል ሶማሌ ነበረች። በረዶውን በጆንያ ጠቅልላ በአህያ ጋሪ እያዞረች ትሸጣለች። የመጀመሪያ ቀን ፍሪጁን ዞራ ዞራ አየችው፤ ገመዱንም ተከትላ አልጋው እግር ድረስ ሄደች። «አባዮ» አለቻት እናቴን፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ፍሪጅ ካለሽ በረዶ ለምን ትገዢያለሽ?»

«እንዲለምድ ነው» አለች እናቴ።

«ሀዬ፣ እሺ» አለች ሃዎ። በረዶውን አስገብታ፣ በሩን በቀስታ ዘግታ ሄደች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አሁን የቀረው ድምፅ ብቻ ነው። እናቴ አንድ ከሰዓት አጠገቧ አስቀመጠችኝና «የኔነሽ፣ ፍሪጃችን ገና አዲስ ስለሆነ ማጉረምረም አልለመደም። እንግዳ ሲመጣ ከኋላው ሁኚና አስተምሪው» አለችኝ። ኃላፊነት ተሰማኝ። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የእነ ትርንጎን ፍሪጅ አጠናሁ። ሲነሳ እንደ ማነቅ ያደርገዋል፤ ከዚያ «ምምምም» እያለ ይቆያል፤ ሲያርፍ ይንዘፈዘፋል። መንዘፍዘፉ ላይ በተለይ ጎበዝ ሆንኩ።

የመጀመሪያዋ እንግዳ እትዬ ጥሩወርቅ ራሷ ሆነች። «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብላ ሎሚ ይዛ መጣች። እኔ ሮጬ ከፍሪጁ ኋላ ገባሁ። እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳችላት፤ ውሃው እውነትም ቀዝቃዛ ነበር። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቀበሌ ስብሰባ ያወራሉ፤ እኔ አጉረመርማለሁ። ሁሉም ነገር በደንብ እየሄደ ሳለ ሰጋቱራው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና አስነጠሰኝ።

«ጉንፋን ይዞታል» አለች እትዬ ጥሩወርቅ ረጋ ብላ።

«አገሩ አዲስ ሆኖበት ነው» አለች እናቴ። «አየሩ አልተስማማውም።»

«የእኔም መጀመሪያ እንዲህ አድርጎት ነበር።»

ስትወጣ እናቴና እኔ ተያየን። አሸንፈናታል። ከብዙ ዓመት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ራሷ እንደነገረችኝ ከሆነ ግን፣ ከተቀመጠችበት ሆና በሣጥኑ ሥር ቀይ ነጠላ ጫማዬን እያየች ነበር የምትጫወተው። ቤቷ ገብታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች ለመረዳት የሚቀጥለውን መስማት ያስፈልጋል።

አባ ተሰማ የእናቴ የንስሐ አባት ናቸው። ድሬ ውስጥ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው የሚባለው፤ እኛ ቤት «እርስዎ» የሚባሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወር በገባ ቁጥር ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። ያን ቀን በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳላጣራ ቦታዬን ያዝኩ። አባ ተሰማ ጸሎታቸውን ጀመሩ። እኔም ጀመርኩ። እሳቸው ሲያቆሙ እኔ እቀጥላለሁ፤ እሳቸው ሲቀጥሉ እንዳልበልጣቸው ብዬ ዝቅ አደርጋለሁ። ሦስታችንም፣ ማለት እሳቸው፣ እኔና እናቴ፣ ላብ አጠመቀን። ኋላ መስቀላቸውን እንደያዙ ገመዱን በዓይናቸው ተከተሉት። አልጋው እግር ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ። ከዚያ በጎን በኩል አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

«ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?»

«ፍሪጁን አስተምራለሁ አባባ።»

«ምን?»

«ምምምም ማለት።»

አባ ተሰማ ጠበሉን እኔም ላይ፣ ፍሪጁም ላይ በእኩል ረጩ። ከዚያ ውጪ ወጥቼ እንድጫወት ነገሩኝ። እኔ ግን መስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ።

እናቴ ታለቅሳለች። «አባቴ፣ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ልቤ ውስጥ ነው የሚገባው። ስትስቅ ያቃጥለኛል። ስኳር ስትሰጠኝ ያቃጥለኛል። ልጄን ምን እያደረግኳት እንደሆነ አዩ።»

«አየሁ» አሉ። «ገብርኤል ፍሪጁን አልሰጠሽም። ሌላስ ምን ሰጠሽ?»

ጥያቄው እናቴን የከበዳት ይመስለኛል። እኔ ውጪ ሆኜ መልስ ለመፈለግ ሞከርኩ፤ ትዝ ያለኝ ግን የፉርጎው እጀታ ብቻ ነው።

«ይበቃኛል ማለት ከሰማይ አይወርድም ልጄ፤ እንደ ፊደል ይጠናል» አሉ አባ ተሰማ። «ቀኖናሽን ልስጥሽ። ከዛሬ ጀምሮ ማታ ስትጸልዪ ‹ስለ ጥሩወርቅ ፍሪጅ ተመስገን› ትያለሽ።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ጥሩወርቅ ፍሪጅ።»

«ከልቤ ባይሆንስ?»

«ከአፍሽ ጀምሪ። ልብ ቀርፋፋ ነው፤ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሌላው፣ እቤቷ ሄደሽ ቀዝቃዛ ውሃ ለምነሽ ትጠጫለሽ።»

በመስኮቱ በኩል የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል። «አባቴ፣ በዚህ ፈንታ ስግደት ቢያበዙልኝስ?»

«ስግደትማ ቀላል ነው» አሉ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው። አባ ተሰማ የመልአኩን ስህተት አውቀውልናል። ማታ ማታ የሚባለው ተመስገን ለገብርኤል ማስታወሻ ነው፤ «እዚያ ቤት የተውከው ፍሪጅ የእኛ ነው» እንደማለት። ስለዚህ እናቴ ስትጸልይ በሙሉ ኃይሌ «አሜን» እል ጀመር።

መጀመሪያ ሰሞን ቃሉ ከአፏ አልወጣ አላት። ፊቷን ወደ ሥዕሉ አዙራ ቆማ ሌላውን ጸሎት ሁሉ ጥርት አድርጋ ትላለች፤ እዚያ ስትደርስ «ስለ ጥ… ጅ ተመስገን» ብላ ትውጠዋለች። አባቴ በጋቢው አፉን ይሸፍናል። እንዲህ እየዋጠች ስትሰነብት ደግሞ ሌላ ነገር ቆጫት። ለጥሩወርቅ ዕቃ በየቀኑ እየተመሰገነ የእኛ ዕቃ ሊቀር ነው። ያ ፍትሕ አልመሰላትም። አንድ ማታ «ስለ ጥሩወርቅ ፍሪጅ ተመስገን፣ ስለ ሀብቴም እጅ ተመስገን» አለች። በማግስቱ «ስለ የኔነሽ ሳንባ» ጨመረች፤ አስነጥሶኝ ሰንብቶ ስለተሻለኝ ነው። ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ስላለችው የጊሽጣ ዛፍ፣ ቧንቧችን ጠዋት ጠዋት ስለማይቋረጥ፣ ከወባው ስለመዳኗ፣ ከዓመታት በፊት በነበረው ጦርነት ቤታችን ስላለመመታቱ። የእኛ ከጥሩወርቅ እንዲበዛ ነበር አሳቧ። በዛም። አንዳንዴ እየዘረዘረች ሳለ ድምፅዋ ይቀየርና መሃል ላይ ቆም ትላለች፤ እኔ ሌላ የሚጨመር ዕቃ የጠፋባት ይመስለኝና በዓይኔ ድስቱን አሳያታለሁ።

ውሃውን ግን ስታዘገየው ከረመች። ጾም ነው፣ ጉሮሮዬን ያመኛል፣ ዛሬ እንግዳ አለባቸው ስትል ቆይታ አንድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ አስፋልቱን ባቀለጠበት ቀን፣ እጄን ይዛ የእትዬ ጥሩወርቅን በር አንኳኳች።

«ቀዝቃዛ ውሃ ልትሰጪኝ ትችያለሽ?» አለች፤ እንደ ተማሪ ግጥም በቃሏ ያጠናች ነበር የምትመስለው።

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ውስጥ አስገባችን። ፍሪጁን ከፈተች። ያን ሁሉ ጊዜ በግድግዳ ያዳመጥኩትን ውስጡን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ባዶ ነው። አንድ ማሰሮ ውሃ፣ ከእሱ በላይ ደግሞ የጎማ ክዳን ያላቸው ትንንሽ ብልቃጦች፣ በጨርቅ ላይ በረድፍ ተደርድረዋል። ሌላ ምንም የለም። ሥጋ የለም፣ ለስላሳ የለም። ሽቶ መሰለኝ።

እናቴ ብርጭቆውን እንደያዘች ብልቃጦቹን አየች። «ምንድን ነው ጥሩወርቅ?»

«የትርንጎ መድኃኒት ነው። ስኳር አለባት።» የፍሪጁን በር እንደያዘች ቆመች። «ይሄ ሙቀት ያበላሸዋል። ድሮ ገንቦ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጌ እቀብረው ነበር። አንድ ጊዜ ተበላሽቶ ኖሮ ሳላውቅ ወጋኋት። እጄ ላይ ልትቀርብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መርፌ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በብስክሌት የሚመጣው ሱሌማን ድሬሰሩ ነው የሚወጋልኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሴት ልጅ ናት ሰርካዲስ፤ ነገ ሰው ምን ይላታል ብዬ ነው። አንቺስ ብትሆኚ፣ ፍሪጁን ስታዪ መቼ እኔን አየሽኝ? እኔ ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ የማለቅስበትን ነገር አንቺ ይግባልኝ ብለሽ ስትሳዪ ምን ልበልሽ?»

እናቴ ውሃውን ጠጣች። ጨርሳ ብርጭቆውን ስትመልስ ሁለቱም ብርጭቆውን ይዘው ቆዩ፤ ማናቸውም አልለቀቁም።

እኔ በበኩሌ ትልቅ ምስጢር ነው ያገኘሁት። ትርንጎ ስኳር አለባት። ለካ ስኳራቸውን የሚሰጡን፣ ሙሸበክም እንቢ የምትለው ከውስጧ ስለምታመርት ነው። ያን ማታ ቅናት አንገበገበኝ። በማግስቱ ገበጣ ስንጫወት ክንዷን ይዤ ላስኩት።

«ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

ጨው ጨው ይላል። ነገሩ አሁንም የተደበቀብኝ መሰለኝ።

ውሃውን በጠጣችበት ቀን ማታ ግን ሌላም ነገር ሆኖ ነበር። እናቴ «ስለ ጥሩወርቅ ፍሪጅ ተመስገን» ስትል አንድም ፊደል አልዋጠችም። አባቴ ቀና ብሎ አያት። ጸሎቱ ሲያልቅ ገመዱን ከአልጋው እግር ፈታችና ግቢ ውስጥ ልብስ ማስጫ አደረገችው። እኔም ከማስተማር ሥራዬ ተሰናበትኩ። ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ ስላልነበር ፍሪጁ ትምህርቱን የጨረሰ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ደቻቱ መጣ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይገበያይበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ያን ቀን ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም። የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሩቅ የባቡር ድምፅ የሚመስል ተሰማ፤ ከዚያ ውሃው ዛፉንም ፍየሉንም ይዞ ወረደ። የመብራት ምሰሶዎቹን ገነደሳቸው። ግድግዳው ማዶ ያለው ድምፅ አንዴ ተንዘፍዝፎ ጸጥ አለ።

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ብዙ ጊዜ ያንን ጸጥታ የተመኘች ሴት ናት። «ሀብቴ፣ በረዶ አለን?» አለች።

«ትንሽ ነው የቀረው። ቀልጧል።»

እትዬ ጥሩወርቅ ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ደረቷ ላይ ታቅፋ ስትገባ እናቴ የእንጨቱን ፍሪጅ እያጸዳች ነበር። አባቴ ሃዎን ፍለጋ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው አህያዋን እየጎተቱ መጡ። ጋሪው ላይ በሰጋቱራ የተቀበረ ትልቅ የበረዶ ጉማጅ አለ።

«ለሰርግ የተያዘ ነው» አለች ሃዎ።

«ሰርጉስ?» አለች እናቴ።

«ሙሽራው ከወንዙ ማዶ ነው። ዋላሂ፣ ዛሬ አይመጣም።»

በረዶው ከላይ ገባ። ብልቃጦቹ በረዶ እንዳይነካቸው በጨርቅ ተጠቅልለው ከታች ተቀመጡ። እትዬ ጥሩወርቅ እጇን አስገብታ ቅዝቃዜውን ፈተሸች፤ አውጥታ ደግሞ እንደገና አስገባች። አባቴ በሩ የሚገጥምበትን ጠርዝ በጨርቅ ይደፍናል። «ጥሩ ዕቃ ነው የሠራኸው» አለችው። አባቴ ቀና አላለም፤ ጆሮው ግን ቀላ።

በማግስቱ ጠዋት ድሬሰር ሱሌማን አልመጣም። ወንዙ ገና አልጎደለም፤ ብስክሌቱን ተደግፎ ማዶ ላይ ቆሞ ያዩት ሰዎች ነበሩ። ጋሼ ክፍሌ ጅቡቲ ነው፤ የባቡሩም መንገድ ተቆርጧል። እትዬ ጥሩወርቅ መርፌውን ቀቅላ መድኃኒቱን ልክ አድርጋ ሳበች። ትርንጎ አልጋ ላይ ተቀምጣ ክንዷን ዘረጋች። የእናቷ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መርፌው ጫፍ ላይ ያለው ብርሃን አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አልችልም» አለች።

«አሳዪኝ» አለች እናቴ።

«ሱሌማን ብርቱካን ላይ ነበር ያለማመደኝ። ብርቱካኑን እችላለሁ፤ ልጄን ነው የማልችለው።»

እናቴ አንድ ዘንቢል ብርቱካን አስመጣች። በሌላ መርፌ ንጹህ ውሃ እየሳበች ወጋቻቸው። የመጀመሪያው ፊቷ ላይ ተረጨ። ሁለተኛው ከእጇ አምልጦ አልጋ ሥር ገባ፤ አባቴ በሆዱ ተኝቶ አወጣው። ትርንጎና እኔ እየተሳሳቅን እንቆጣጠራለን። «ያኛው አለቀሰ» ትለኛለች። ዘንቢሉ እየጎደለ ሲሄድ እጇ እየረጋ መጣ። ኋላ መድኃኒት ያለበትን መርፌ አነሳች፤ መልሳ ለእትዬ ጥሩወርቅ ሰጠቻትና መዳፎቿን አፏ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰችባቸው። በረዶ ስትነካ ስላደረች ትርንጎን እንዳይቀዘቅዟት ነው። ከዚያ መርፌውን ተቀብላ የትርንጎን ክንድ ያዘች።

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስኳሩን ሊያወጡላት ነው ብዬ አምን ነበር። ትርንጎ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ጨፈንኩ። ስገልጥ አልቋል። እትዬ ጥሩወርቅ የእናቴን ትከሻ ይዛ ቁጭ ብላለች፤ ትርንጎ ደግሞ «ከሱሌማን ይሻላል» ትላለች።

መብራቱ እስኪመለስ ብዙ ቀን ፈጀ። ሃዎ በረዶ የሚመረትበት ቤት መብራት አግኝቶ እስኪሠራ ከየት ከየት እንደምታመጣው እግዜር ይወቅ፤ አንድም ቀን አልቀረችም። ሱሌማን ወንዙን ተሻግሮ ከመጣ በኋላም ትርንጎ «እትዬ ሰርካዲስ ትውጋኝ» ስላለች ሥራው የእናቴ ሆኖ ቀረ፤ ትርንጎ ራሷን መውጋት እስክትለምድ ድረስ። ዛሬ ትርንጎ ሳቢያን ውስጥ ትኖራለች፤ የልጅ ልጅ አይታለች። እናቴ ስታርፍ አፈር ከመመለሱ በፊት ትርንጎ ጎንበስ ብላ «እጅሽ ቀዝቅዞ አያውቅም» ስትል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ትርንጎን ለመጀመሪያ ጊዜ በወጋችበት ቀን ማታ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ እናቴ እንደ ልማዷ ለጸሎት ቆመች። እኔ «አሜን» ለማለት ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ። ምንም አትልም። ሥዕሉን እያየች ቆማ ቆማ፣ አማተበችና መጥታ ተቀመጠች።

«ዛሬ አጠረ» አላት አባቴ። «ምን ለመንሽ?»

«ምንም» አለች። ትንሽ አሰበች፤ ራሷንም ገረማት መሰለኝ። «ምንም አልለመንኩም።»

ከዚያ የተወጉትን ብርቱካኖች ዘንቢሉን ሙሉ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እየላጠች አደለችን። ውሃ ውሃ ይላሉ። ሁሉንም በላናቸው።